«ጎጂ ነው» ብሎ ማስተማር ለምን አልያዘም?

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ፀረ-ሱስ ትምህርት ማለት የጠዋት ሰልፍ ላይ የሚደረግ ንግግር ነው። ባንዲራ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ ከዚያ አንድ እንግዳ ማይክ ይይዛል። ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ልትሆን ትችላለች፤ የወረዳው ፖሊስም ሊሆን ይችላል። ሲጋራ ሳንባን፣ አረቄ ጉበትን፣ ጫት አእምሮን እንደሚጎዳ ይነገራል። የሚኒ ሚዲያ ልጆች ግጥም ያነባሉ። ይጨበጨባል። ሁሉም ወደ ክፍሉ ይገባል። «ለይህን ያህል ተማሪ ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚል ሪፖርት ይጻፍና ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ግንዛቤውማ አለ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አቁሙና የአልኮልን ጉዳት ጠይቁት። ሳይንተባተብ ይዘረዝርላችኋል። ለፈተና ቢመጣ ሙሉ ያገኛል። ያው ልጅ ግን ዓርብ ከሰዓት ጓደኞቹ «አንድ ድራፍት ብቻ» ሲሉት አብሯቸው ይሄዳል። ማወቅ ብቻውን ቢያድን ኖሮ የሚያጨስ ሐኪም ባላየን ነበር።

ይህን «እንንገራቸው፣ ይተዋሉ» የሚል አካሄድ በሰፊው የሞከረችው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 የሎስ አንጀለስ ፖሊስና የከተማዋ ትምህርት ቤቶች «ዴር» የሚባል ፕሮግራም ጀመሩ። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ክፍል ገብቶ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ለ17 ሳምንት ያስተምራል። ዕፅ ምን እንደሚያደርግ ይነግራቸዋል። «እምቢ በሉ» ይላቸዋል። መጨረሻ ላይ ቃል ያስገባቸዋል፤ ቲሸርትም ይሰጣል። ወላጆች ወደዱት፣ ፖለቲከኞች ወደዱት፣ ፖሊስም ከሕዝብ ጋር መታረቂያ አገኘበት። በደመቀበት ጊዜ ከአገሪቱ የትምህርት ወረዳዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ይጠቀሙበት ነበር።

ከዚያ አጥኚዎች መለካት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ ጥናት በስድስተኛ ክፍላቸው የተመዘገቡ 1,000 ያህል ልጆችን ከአሥር ዓመት በኋላ ፈልጎ አገኘ። ልጆቹ 20 ዓመት ሆኗቸዋል። ዴርን የተማሩትና ያልተማሩት በመጠጥም፣ በሲጋራም፣ በማሪዋናም አልተለያዩም። በ2003 ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት የረጅም ጊዜ ጥናቶቹን አገላብጦ እዚያው ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ፕሮግራሙ ራሱ በ2009 የድሮውን ሥርዓተ ትምህርት ትቶ በውይይትና በልምምድ ላይ የቆመ ሌላ ተቀበለ። ሃያ ስድስት ዓመት ፈጅቶ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ጉዳዮች ቢሮ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ መመሪያ አሳድሶ አውጥቷል። በመከላከል ሥራ ውስጥ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ከጥናቶች ለቅሞ ያስቀመጠ ሰነድ ነው። የማይሠሩት የተዘረዘሩበትን ክፍል ያነበበ የኛ አገር ርዕሰ መምህር ክው ይላል። ተማሪ ዝም ብሎ የሚሰማው ንግግር አይሠራም። ማስፈራራት አይሠራም። መረጃ ብቻ መስጠት አይሠራም። በሥነ ምግባርና በእሴት ላይ ብቻ የቆመ ትምህርት አይሠራም። ፖሊስ አስተማሪ ሲሆን አይሠራም። ከሱስ ያመለጠ ሰው መጥቶ ታሪኩን ሲናገርም አይሠራም። አንዳንዱ ጭራሽ ነገሩን ያባብሳል። እኛ ቤት ያለው ነገር ሁሉ እኮ ተዘረዘረ።

የመጨረሻው ብዙ ሰው ያስቆጣል። «ያሳለፈውን ሰው ከመስማት የበለጠ ምን ትምህርት አለ?» ይባላል። እስቲ በ15 ዓመት ልጅ ዓይን እንየው። መድረኩ ላይ ያለው ሰውዬ ጠጥቷል፣ ቅሟል፣ ጎዳና ላይ አድሯል። አሁን ግን ጥሩ ለብሶ፣ ማይክ ይዞ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያስለቀሰ ነው። ልጁ ይዞ የሚሄደው «እንዲህ ሆኖም ይወጣል» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ያልወጡት ደግሞ መድረክ ላይ አይመጡም። እንዲህ ያለው ምስክርነት ለማገገም ለሚታገል ሰው ትልቅ ጉልበት ነው። ገና ላልጀመረ ልጅ ግን ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።

የሚያስፈልገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኒውዮርክ ጊልበርት ቦትቪን የተባሉ ተመራማሪ ያዘጋጁት የሕይወት ክህሎት ትምህርት አንድ መልስ ሰጥቷል። ስለ ጉበትና ሳንባ የሚያወራበት ሰዓት ትንሽ ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ልጆቹ ሲለማመዱ ነው። ንዴትን እንዴት ልቻለው? የማላውቃቸው ልጆች መሃል እንዴት ልግባ? ጓደኛዬን ሳላስቀይም እንዴት እምቢ ልበል? ይህ በቃል አይሸመደድም። ሁለት ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ ይሞክረዋል፣ ይሳቅበታል፣ እንደገና ይሞከራል። «እምቢ በል» ማለት ቀላል ነው። «ዛሬ ታላቅ ወንድሜን ኳስ ሜዳ ቀጥሬዋለሁ» ብሎ ፊትን ሳያጠቁር መውጣት ግን ልምምድ ይጠይቃል። በተለይ ይሉኝታ በሞላበት አገር።

ሁለተኛው ነገር «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውን ማፍረስ ነው። ጉርምስና ላይ ያለ ልጅ የእኩዮቹን ቁጥር ያጋንናል። የሚቅሙት ልጆች ይታያሉ፣ ይወራሉ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይለጠፋሉ። ቤቱ ተቀምጦ ሹሮ በልቶ የተኛውን ማንም አያወራለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሰዎችን «ጫት ቅመው ያውቃሉ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። አዎ ያሉት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ ናቸው። በሕይወት ዘመን አንዴ መሞከርም እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። ብዙው ሰው አልሞከረም ማለት ነው። እርግጥ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። ቢሆንም አንድ ክፍል ውስጥ በስም የለሽ ወረቀት ልጆቹን ጠይቆ ውጤቱን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ከአሥር ንግግር ይሻላል። የማይጠጣው ልጅ ብቻውን እንዳልሆነ ያየዋል።

በጣም የሚገርመው ግን ስለ ዕፅ አንድ ቃል ሳይተነፍስ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ አንደኛ ክፍል ያሉ ሕፃናት አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። መምህሯ ክፍሉን በቡድን ትከፍላለች። ሳይረብሽ ሥራውን የሠራ ቡድን ይሸለማል። በቃ። አጥኚዎች እነዚህን ልጆች እስከ 20 ዓመታቸው አካባቢ ተከታተሏቸው። ጨዋታውን ከተጫወቱት መካከል፣ በተለይ በልጅነታቸው ተደባዳቢና ረባሽ ከነበሩ ወንዶች መካከል፣ ሱስ ውስጥ የገቡት ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው ተገኙ። የስድስት ዓመት ልጅ ራሱን መግዛትን ሲለምድ፣ መምህሯ ስትወደው፣ ክፍሉ የሱ ሲሆን፣ 16 ሲሞላው የሚያመልጥበት ቦታ ፍለጋ ውስጥ አይገባም። እኛ ትምህርቱን የምንጀምረው ልጁ ሲጋራ ይዞ ሽንት ቤት ሲገኝ ነው።

ይህን ያነበበ የቢሮ ኃላፊ ነገ መመሪያውን አስተርጉሞ ወደየትምህርት ቤቱ እንዳይበትነው እሰጋለሁ። ብራዚል ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች። በአውሮፓ ጥሩ ውጤት ያሳየ የ12 ክፍለ ጊዜ ትምህርት ወስዳ ለልጆቿ አስማማችው። ከዚያ በስድስት ከተሞች በ72 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጥንቃቄ ፈተነችው። ትምህርቱን የወሰዱት ልጆች አልኮል መጠጣት የጀመሩበት መጠን ካልወሰዱት በለጠ። አዎ፣ በለጠ። በኔ ግምት የብራዚል ትልቁ ውለታ መለካቷ ነው። ባትለካው ኖሮ እዚያም «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ይባል ነበር።

የኛ ጉዳይ አንድ ልዩ ነገር አለው። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ልጅ የሚጠጣው ለመዝናናት ነው ተብሎ ይታሰባል። እኛ አገር ብዙ ተማሪ ወደ ጫት የሚገባው ለማጥናት ብሎ ነው። ይህን ካላየን ምንም አላየንም።

ታሪኩ የታወቀ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ቀርቧል። ወይም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያው ፋይናል ደርሷል። ያልተነበበው ሞጁል ተከምሯል። አንድ ሲኒየር «ትንሽ ያዝባት፣ እስከ ንጋት ታነባለህ» ይለዋል። ልጁ ዓይኑ ውስጥ ጫት የዱርዬ ነገር መሆኑ ይቀርና የጎበዝ ተማሪ መሣሪያ ይሆናል። እቤት ቢሰሙ እንኳ «ለትምህርቱ ነው» የሚል ማመካኛ አለ።

ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይዳከማል። የጫት መኪና መንገድ ላይ እንደዚያ የሚከንፈውም ለዚህ ነው። ሲቃም እንቅልፍን ያባርራል፣ ሐሳብን ያፈጥናል፣ ምርቃና ያመጣል። ልጁ ያን ሌሊት ብዙ ገጽ ያነባል። ሁሉም የገባው ይመስለዋል። ችግሩ የተነበበው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋው በእንቅልፍ ጊዜ መሆኑ ነው። እንቅልፉን ሰውቶ ያነበበውን ጠዋት ፈተናው ላይ ሲፈልገው ያጣዋል። «ትናንት አውቀው ነበር እኮ!» ይላል። አዎ፣ ትናንት ያውቀው ነበር።

ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርት ይመጣል። እንቅልፍ እምቢ ይላል። እዚህ ጋ ጨብሲ ይገባል። ምርቃናውን ለማብረድ ቢራ ወይም አረቄ። ጠጥቶ የማያውቅ ልጅ መጠጥን የሚተዋወቀው ብዙ ጊዜ በዚህ በር ነው፤ እንደ መድኃኒት ሆኖ። በማግስቱ ሐራራው ያዛጋዋል፣ ያነጫንጨዋል። ለመተው ሲሞክር ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ስለ ጫት ለብቻ፣ ስለ አልኮል ለብቻ፣ ስለ ሲጋራ ለብቻ የሚያስተምር ፖስተር ልጁ የሚኖረውን ሕይወት አይመስልም። ልጁ በሚቅምበት ክፍል ውስጥ ሦስቱም አንድ ሳሕን ላይ ናቸው።

ከዚህ ተነስቶ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ቢቀረጽ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ርዕስ «እንዴት እናጥና» የሚል በሆነ ነበር። ገጹን ለሳምንታት ማከፋፈል፣ ራስን በጥያቄ መፈተን፣ ለፈተና ዋዜማ እንቅልፍ ማስቀመጥ። ይህ የፀረ-ሱስ ትምህርት አይመስልም። በኔ እምነት ግን ለኢትዮጵያ ተማሪ ከዚህ የበለጠ የጫት መከላከያ የለም። ልጁን ወደዚያ የገፋው ያልተዘጋጀበት ፈተና ነውና።

አሁን ደግሞ ወደ ቤት እንግባ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ በተለይ ማስታወቂያው። ዕድሜው ግን ሰፈር ውስጥ ማን ይጠይቃል? አባት የ11 ዓመቱን ልጅ «ሂድ ከእነ እንትና ሱቅ ሁለት ቢራ ይዘህ ና» ይለዋል። ለሲጋራም ይላካል፣ ለጫትም ይላካል። ባለሱቁ የሚያየው የጎረቤቱን ልጅ እንጂ ደንበኛ አይደለም። ልጁ የጫቱን ዋጋና ዓይነት፣ የትኛው እንዳልጠወለገ ለይቶ ያውቃል። ከዚያ ትምህርት ቤት ሄዶ «ከሱስ ራቁ» ይባላል።

በዓል ሲሆን ደግሞ ቅራሪ ለልጆች ይሰጣል። በዓሉ ሞቅ ካለ ጠላውም አይቀርም። «ይጠጣ እንጂ፣ ወንድ አይደል!» የሚል አጎት አይጠፋም። ባህሉን ማውገዝ አይቃጣኝም፤ ጠላ የሌለበት ፋሲካ እኔም አልወድም። ግን ለልጆች ብርዝ አለ፣ ቀሪቦ አለ። አሜሪካ ውስጥ የተሠራ አንድ ሰፊ ጥናት ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት የጀመሩ ሰዎች 21 እስኪሞላቸው ከጠበቁት ይልቅ ኋላ የመጠጥ ጥገኛ የመሆናቸው ዕድል አራት እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። ቀድሞ መጀመሩ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ቀድመው የሚጀምሩ ልጆች ሌላም ችግር ይኖርባቸዋል። ቢሆንም መጀመሪያውን በሁለትና በሦስት ዓመት ማዘግየት ራሱ ውጤት ነው። «አንድም ልጅ እንዳይነካ» የሚል ዕቅድ ያወጣ ትምህርት ቤት ይህን ውጤት አያየውም።

ሐረርጌ ብንሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አወዳይ የጫት ገበያ ከተማ ነው። የልጁ ደብተር የተገዛው በጫት ገንዘብ ነው። እርሻው ጫት ነው፣ እንግዳ የሚስተናገደውም በጫት ነው። እዚያ ያለ መምህር «ጫት መርዝ ነው» ብሎ ቢጀምር ልጁ የሚሰማው «አባትህ መርዝ ሻጭ ነው» ብሎ ነው። ያን ቀን ጆሮውን ዘጋ። እዚያ ሊሠራ የሚችለው ዕድሜንና ጊዜን የያዘ ንግግር ይመስለኛል፦ ገና ለሚያድግ አእምሮ፣ ለትምህርት ቀን፣ ለምሽት እንቅልፍ። በአንድ ማንዋል አዲስ አበባንም አወዳይንም ማስተማር አይሆንም።

ከክፍል ውጭ ያሉት ሰዓታትስ? አይስላንድን ጥቀስ ጥቀስ የሚለኝ እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ከአይስላንድ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች መካከል ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው የነበሩት 42 በመቶ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። በየቀኑ የሚያጨሱት ከ23 በመቶ ወደ 3 ወረዱ። ክፍል ውስጥ ያስተማሩት አዲስ ነገር ይህን አላመጣም። ልጆቹን በየጊዜው በመጠይቅ ጠየቁ፣ ውጤቱን ብዙ ሳይቆይ ለየትምህርት ቤቱና ለየሰፈሩ መለሱ። ወላጆች ተሰብስበው በጋራ ደንብ ተስማሙ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆች በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለ አዋቂ ደጅ እንዳይገኙ ተደረገ። ለስፖርትና ለሙዚቃ ማስተማሪያ የሚሆን ገንዘብ ዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ ለእያንዳንዱ ልጅ መደበች።

አይስላንድ ሕዝቧ ከአንድ ክፍለ ከተማችን የማይበልጥ ሀብታም አገር ናት። ገንዘቡን አንኮርጅም። አስተሳሰቡ ግን ለኛ ቅርብ ነው፤ ሰፈር ልጅ የሚያሳድግበት ዘመን እኮ ብዙ አልራቀም። የፈረቃ ትምህርት ያለበትን ከተማ አስቡት። የጠዋቱ ፈረቃ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይለቀቃል። እናትም አባትም ሥራ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፏል፣ ኳስ ሜዳው ታጥሮ ሕንፃ እየተሠራበት ነው። ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው ፑል ቤቱና መቃሚያ ቤቱ ነው። እስኪመሽ ድረስ ሙሉ ስድስት ሰዓት አለ። ለዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን የሚከፍት አንድ ሠራተኛ መቅጠር ከመቶ ፖስተር በላይ ይሠራል።

ስለ ቅጣትም አንድ ነገር ልበል። ልጅ ሲቅም ወይም ሲጠጣ ተይዞ ሲገኝ የተለመደው «ወላጅ አምጣ» ነው፤ ካልሆነም ማሰናበት። ወላጅ ማምጣቱ ደግ። ማሰናበት ግን ልጁን ትምህርት ቤቱ ሰዓት ላይ መቃሚያ ቤት እንዲውል በደብዳቤ መላክ ነው። ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለው ቁርኝት ከሱስ ከሚጠብቁት ነገሮች አንዱ መሆኑ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል። እሱን በጥሰን «ለሌሎቹ ትምህርት እንዲሆን» እንላለን። ሌሎቹ የሚማሩት ተይዞ አለመገኘትን ነው።

ይህን ሁሉ ማን ይሥራው ሲባል ጣት መምህሩ ላይ ያርፋል። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል እምቢ ማለትን አለማምድ፣ መጠይቅ ሰብስብ፣ ወላጅ አነጋግር። ደመወዙ ወር አያደርሰውም፤ ሥልጠና ቢሰጠው ሁለት ቀን ነው። ሌላም አለ፤ ብዙ የማይወራ። ፈተና ሲያርም፣ የትምህርት ዕቅድ ሲያዘጋጅ የሚቅም መምህር አለ፤ ተማሪዎቹም ያውቃሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲጀመር የመጀመሪያው ስብሰባ ያለ ተማሪ፣ ያለ እንግዳ፣ ያለ ካሜራ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቢሆን ይሻላል። እዚያ መቅጣትም ማሸማቀቅም ሳይኖር «እኛስ?» ተብሎ ይጠየቅ። መተው የሚፈልግ መምህር ካለ ትምህርት ቤቱ ወደ ሕክምና የሚልክበት መንገድ ይኑረው። የሰልፉ ማይክ ለጊዜው ይቆይ።